ቢሮ ለሌለው ሠራተኛ መድን የሚሸጥ ምን ይበል?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አትላስ፣ ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት ባለው የአዲስ አበባ ክፍል፣ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ሲሠራ የሚውል ሰው ማየት አሁን አዲስ ነገር አይደለም። አንዷ ለጀርመን ኩባንያ ኮድ ትጽፋለች፤ ሌላው ዱባይ ላለ ደንበኛ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ሦስተኛው ይተረጉማል ወይም የሩቅ አገር ድርጅት ሒሳብ ይይዛል። ክረምቱን እናቱ ዘንድ ሊያሳልፍ ከሲያትል መጥቶ ሥራውን ከዚሁ የሚቀጥል ዳያስፖራም አለ። ከናይሮቢ ወደ ካይሮ ሲያልፍ ለአንድ ወር ቤት የተከራየ የውጭ ዜጋም ይገኛል። ዓለም እነዚህን ሰዎች ዲጂታል ኖማድ ይላቸዋል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው፣ አሠሪ ቢኖራቸው እንኳ እዚህ አገር አለመሆኑ ነው።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት ተቀጣሪው ምን እንዳለው ማየት ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ቢታመም እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ሴት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው አሠሪው ነው። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ካፌው ውስጥ ኮድ የምትጽፈው ልጅ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ታይፎይድ ሦስት ሳምንት ቢያስተኛት የሦስት ሳምንት ገቢዋ ይቀራል፤ ደንበኛዋም ሌላ ሰው ሊፈልግ ይችላል።

መድን የሚያስፈልገው ሰው ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ግን እሷን የሚያነጋግራት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ “ነገዎን ዛሬ ያስተማምኑ” የሚል ዓይነት ቃልና ባሕር ዳርቻ ላይ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚስቅ ሰው ፎቶ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ደግሞ ራሷ ማስታወቂያ ሠርታ ለምታድር ሰው ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት በዲዛይን፣ በቪዲዮና በጽሑፍ ሥራ ስለሆነ ከኢንተርኔት የተገዛን ፎቶ በአንድ እይታ ይለያሉ፤ ተከፍሎት የሚያመሰግንን ታዋቂ ሰውም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ገዢ በማስዋብ ማሳመን አይቻልም። በእኔ እምነት የሚያሳምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩባንያው የማይከፍልበትን ጉዳይ ከሚከፍልበት እኩል በግልጽ ሲናገር፣ ከዚያም እከፍላለሁ ያለውን በጊዜው ሲከፍል ማየት።

መድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1905 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በደርግ መጀመሪያ 13 ኩባንያዎች ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አዋጅ ደግሞ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች በሩን ከፈተ። እንደዚያም ሆኖ የዘርፉ ዐረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ሰው መድንን የሚያውቀው በመኪና መስታወት ላይ በሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን ወረቀት ነው፤ ያም ትራፊክ ፖሊስ ስለሚጠይቀው እንጂ ወዶ የገዛው አይደለም።

በሌላ በኩል በየሰፈሩ ዕድር አለ። ዕድር በቢልቦርድ ተነግሮለት አያውቅም፤ ግን ሰው ወር በወር ያለ ቀስቃሽ ይከፍላል። ጎረቤት ሲሞት ድንኳኑ በዚያው ቀን ሲተከል፣ ገንዘቡም ለሐዘንተኛው ሲሰጥ ሁሉም አይቷል። ዕድሩ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው በስብሰባ ተነግሮ በደንብ ተጽፏል። የመድን ኩባንያ የቦሌውን ወጣት አመኔታ ለማግኘት ከውጭ አገር የገበያ መጽሐፍ በፊት ይህንን ቢያጠና ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ፤ እውነተኛ ንግግር የሚፈተነው በዝርዝር ነው። ከላፕቶፑ እንጀምር፤ ላፕቶፕ ለዚህ ሠራተኛ የገበሬ በሬ ማለት ነውና።

ብዙ ሰው “የስርቆት መድን” ሲባል ማንኛውንም ስርቆት የሚሸፍን ይመስለዋል። የተለመደው የስርቆት ውል ግን ሌባው በር ወይም መስኮት ሰብሮ አለዚያም ኃይል ተጠቅሞ መግባቱን ይጠይቃል። ባለቤቷ መጸዳጃ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ከካፌ ጠረጴዛ ላይ የተነሣ ላፕቶፕ በዚህ ውል አይካስም። ከቦታ ቦታ ለሚዞር ዕቃ የሚሆነው “ኦል ሪስክስ” የሚባለው ሰፋ ያለ ሽፋን ነው። ዐረቦኑ ከፍ ይላል፤ እሱም ቢሆን ያለ ጠባቂ የተተወ ዕቃን ከሽፋኑ ሊያስወጣ ይችላል። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ የሚቃጠለው ቻርጀርና ማዘርቦርድ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን ጉዳይ ነው። ሻጩ ይህንን ልዩነት ከክፍያ በፊት ካልነገራት የሸጠላት መድን ሳይሆን ወደፊት የሚፈነዳ ጠብ ነው።

ሌላው ጣጣ ደረሰኝ ነው። በአዲስ አበባ ብዙው ላፕቶፕ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው፤ ወይም ዩዝድ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ የተገዛ። ካሳ ሲጠየቅ ግን “ደረሰኝ አምጪ” ይባላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኩባንያው ውሉን ሲሸጥ ዕቃውን አይቶ፣ መለያ ቁጥሩን መዝግቦ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ዋጋውን ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ በውሉ ላይ ቢያሰፍር ከአደጋው በኋላ የሚነሣው ግማሽ ክርክር ከመጀመሪያው ይዘጋል። “ደረሰኝ ባይኖርዎትም ዕቃዎን አይተን እንመዘግባለን” የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ለዚህ ገዢ ከአሥር ቢልቦርድ ይበልጣል። እርግጥ ነው፣ መፈጸም አለበት።

ከሁሉም ያነሰ የሚነገረው የዋጋው ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። ከዚያ በፊት ዶላሩ በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃም በብር ሲተመን አብሮ ወጣ። በመድን ደግሞ ዕቃ ከእውነተኛ ዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በ60 ሺህ ብር የተመዘገበ ላፕቶፕ ዛሬ ለመተካት 120 ሺህ ብር የሚጠይቅ ከሆነ መድን የገባው ለግማሹ ብቻ ነው። ጉዳት ደርሶበት ጥገናው 30 ሺህ ብር ቢፈጅ ኩባንያው 15 ሺህ ይከፍላል፤ ከዚያም ላይ ደንበኛው ራሱ የሚችለው “ኤክሰስ” የሚባለው ድርሻ ይቀነሳል። ገቢዋ በዶላር የሆነ፣ መድኗ ግን በብር የተጻፈ ልጅ ይህንን ማወቅ አለባት። ምንዛሪው ሲለወጥ በቴሌግራም “የተመዘገበው ዋጋ አነስተኛ ሊሆን ይችላልና እናስተካክል” ብሎ የሚጽፍላት ኩባንያ በእኔ ዘንድ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ራሱን አስተዋውቋል።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ስንመጣ፣ የሩቅ ሠራተኛ በኢትዮጵያ አብልጦ የሚፈራው ሌባን ሳይሆን የኢንተርኔት መቋረጥን ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ለብዙ ወራት አልተመለሰም፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ሆኖ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ወጣት መተዳደሪያውን ያጣበት ጊዜ ነው። የገቢ መቋረጥን የሚሸፍን ውል በገበያ ላይ ያለ ቢሆንም የተሠራው ለፋብሪካና ለሱቅ ነው። የሚከፍለውም እሳት ወይም ጎርፍ ንብረቱን ጎድቶ ሥራ ሲቆም ነው። በመንግሥት ውሳኔ ወይም በኔትወርክ ችግር መስመሩ ሲጠፋ ምንም ነገር አልተቃጠለም፤ ስለዚህ ካሳ የለም። ጦርነትና የፖለቲካ ሁከትም ከመደበኛው ውል ውጭ ናቸው፤ የሁከትና የሽብር ሽፋን ለብቻው ተገዝቶ የሚጨመር ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ሻጭ “ይህንን አንሸፍንም” ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚሸፍነውን ይናገራል። ሽያጭ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ አስተዳዳሪ ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። ገዢዋ ይህንን ጥያቄ ይዛ ነው የምትመጣው፤ መልሱን ከሻጩ ካልሰማች በሌላው ነገር ሁሉ ትጠረጥረዋለች።

ጤናም እንዲሁ ነው። በአገራችን የግል ኩባንያዎች የሕክምና መድን በአብዛኛው የሚሸጠው ለድርጅቶች በቡድን ስለሆነ ብቻውን የሚሠራ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ቶሎ አይከፈትለትም። ግን መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ውስጥ በሙከራ የተጀመረው ይህ ሥርዓት ኋላ አዲስ አበባም ገብቷል፤ ምዝገባው በወረዳ ነው፣ መዋጮውም በቤተሰብ በዓመት ይከፈላል። የሚያገለግለው በጤና ጣቢያና በመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ከአገር ውጭ የሚደረግን ሕክምና አይሸፍንም። ቦሌ ላይ ያለ የመድን ወኪል ለወጣቱ “መጀመሪያ ወረዳ ሄደህ ይህንን ተመዝገብ፤ ከእኔ የምትገዛው እሱ የማይደርስበትን ብቻ ነው” ቢለው ኮሚሽኑ ትንሽ ያንሳል። ያ ወጣት ግን ለጓደኞቹ የሚናገረው ስለዚህ ወኪል ይሆናል።

ብቻውን ለሚሠራ ሰው በዋጋም በአሠራርም ቅርብ የሆነው የግል አደጋ መድን ነው። በአደጋ ምክንያት ለሚደርስ ሞት፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳት፣ እንደ ውሉም ለሕክምና ወጪ ይከፍላል። የአሠሪው ኃላፊነት በሌለበት ቦታ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። በአደጋ ለሚመጣ ጉዳት ብቻ መሆኑ ግን ጎልቶ መጻፍ አለበት፤ ከላይ የጠቀስነው ታይፎይድ በዚህ አይካስም።

የጉዞ መድን በአንጻሩ የሚታወቅ ነው፤ የሼንገን ቪዛ የጠየቀ ሁሉ ገዝቶታል። የአውሮፓ የቪዛ ሕግ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ፣ ድንገተኛ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን የሚያካትት መድን ይጠይቃል። ሰዎች ይህንን ወረቀት ለኤምባሲ ብለው ይገዙታል፤ የውሉን ሁለተኛ ገጽ የሚያነብ ጥቂት ነው። ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ ጊዜው ካበቃ በኋላ ለአንድ ቀን እንኳ የቆየ ሰው ዋስትና የለውም። እንደ ሞሪሸስ ያሉ አገሮች ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሩቅ ሠራተኞች የረጅም ጊዜ ቪዛ ሲከፍቱ የጤና መድን ጠይቀዋል። የኢትዮጵያ ኩባንያዎች ለሁለት ሳምንት ጎብኚ የተዘጋጀውን ውል ለዓመት ነዋሪ ከመሸጥ ይልቅ ለዚህ የሚሆን ቢያዘጋጁ ገዢው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ላይ ነው።

በውጭ ይህንን ገበያ አስቀድመው ያዩ አሉ። በኖርዌጂያውያን የተመሠረተው ሴፍቲዊንግ የኖማድ መድንን በአራት ሳምንት እየተቆራረጠ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል፤ ከአገሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለ ሰውም መግዛት ይችላል። ወደ ቦሌ የሚመጣው የውጭ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሽፋን ይዞ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ሲታመም ነው፤ የግል ሆስፒታል ከመተኛቱ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቀዋል፣ የሩቁ ኩባንያ ደግሞ ገንዘቡን የሚመልስለት በኋላ ነው። የአገሩ መንግሥት “አትሂዱ” ብሎ ወዳስጠነቀቀበት አካባቢ ከሄደ ደግሞ ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። ለአገር ውስጥ ኩባንያ ሐቀኛው ሥራ ከእነዚህ ጋር መፎካከር ሳይሆን ከእነሱ ጋር ተዋውሎ ሆስፒታሉ ዘንድ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ነው።

የአራት ሳምንቱ ክፍያ ለእኛም ትምህርት አለው። የፍሪላንሰር ገቢ አንድ ወር ይሞላል፣ ሌላ ወር ይደርቃል፤ የዓመት ዐረቦን በአንድ ጊዜ ክፈል ሲባል ይሸሻል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ በየወሩ ጥቂት መቶ ብር መሰብሰብ አያስቸግርም። ሆኖም ብሔራዊ ባንክ “ዐረቦን ካልተከፈለ ሽፋን የለም” የሚል ደንብ አለው። ወርሃዊ ክፍያ ያመለጠው ሰው በዚያ ወር መድን የለውም ማለት ነው። ይህ በውሉ መጨረሻ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ክፍያው ከማለፉ በፊት በስልክ መልእክት መነገር አለበት።

እንግዲህ ማስታወቂያው ምን ይምሰል? እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ “ላፕቶፕዎ ከእጅዎ ቢነጠቅ፣ ቢወድቅ ወይም ቡና ቢፈስበት እንክሳለን። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄደው ቢጠፋ አንክስም። ኢንተርኔት ተቋርጦ የቀረብዎትን ገቢም አንክስም። ከካሳው 10 በመቶውን እርስዎ ይችላሉ። ማስረጃው በተሟላ በአሥር ቀን ውስጥ እንከፍላለን። ባለፈው ዓመት ስንት ጥያቄ እንደቀረበ፣ ስንቱን እንደከፈልን፣ ስንቱን ለምን እንደከለከልን ከታች ያንብቡ።” ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የከለከሉትን ማሳተም ለኩባንያዎች የሚያስደነግጥ ሐሳብ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን የቦሌ ወጣት ጓደኛው ካሳ እንደተከለከለ አስቀድሞ ሰምቷል፤ ያልሰማው ምክንያቱን ነው። ምክንያቱን ኩባንያው ካልነገረው የቴሌግራም ወሬ ይነግረዋል።

ገንዘቡም ለታዋቂ ሰው ከሚከፈል ካሳ ክፍል ላይ ቢውል ይሻላል። ስልክ የሚያነሣ፣ ቴሌግራም ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚመልስ፣ “ፋይሉ አለቃዬ ጋ ነው” በማለት የማያመላልስ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከጋራ የሥራ ቦታዎች በአንዱ በወር አንድ ቀን ተቀምጦ የሰዎችን ውል እያነበበ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከእሱ ኩባንያ ያልተገዛውንም ቢሆን። ሕጉም ከዚህ ጎን ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ብሔራዊ ባንክም በ2020 (እ.ኤ.አ.) የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን ለመጠበቅ መመሪያ አውጥቷል።

ለአንባቢ ደግሞ፦ ከመክፈልዎ በፊት ሙሉውን ውል ይጠይቁ፤ በራሪ ወረቀት ውል አይደለም። “የማይሸፈኑ” የሚለውን ክፍል መጀመሪያ ያንብቡ። ስለ ጤናዎና ስለ ዕቃዎ የሚጠየቁትን በእውነት ይመልሱ፤ የተደበቀ ነገር ቢገኝ በንግድ ሕጉ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። የላፕቶፕዎን መለያ ቁጥርና ፎቶ ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡ። ስርቆት ሲደርስ ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ያመልክቱና ማስረጃውን ይያዙ፤ ለኩባንያውም በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ። ካሳ ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎ ለተቆጣጣሪው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላሉ፤ በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።